የእሑድ ልጥፍ

ወይዘሮ እንቁ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጀምሮ ደግ ሆኑ። ሰርክአዲስን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ደግነታቸው ነበር።

አማቷ ክፉ ሴት ሆነው አያውቁም። ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ቁርስ ላይ ይጠይቁታል፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን ሳያጥፉ ይጠይቁታል፣ ጎረቤት በተቀመጠበትም ይጠይቁታል። «ልጄ፣ ምንም የለም?» ይላሉ፤ ዓይናቸውን ወደ ሆዷ ጣል አድርገው ወዲያው ይመልሱታል። ሰርክአዲስ «ገና ነው እማማ» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ባሏ ሚናስ አንገቱን ይደፋል።

ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ግን ያ ጥያቄ ቀረ። ከሥራ ስትመለስ ራቷን አሙቀው ይጠብቋታል። ትሪው ላይ የምትወደውን ጎመን ወደ እሷ በኩል ይገፉታል። አንድ ቀን ጫማዋን ስታወልቅ ዝም ብለው ሲያዩዋት ቆዩና «ደከመሽ አይደል፣ የኔ ልጅ» አሏት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሰው እንዲህ የሚያዝነው ወይ ለታመመ ወይ ለሚሸኝ ነው ብላ አሰበች ሰርክአዲስ። የታመመች አይመስላትም። ስለዚህ ልሸኝ ነው ማለት ነው አለች በልቧ።

እንዲህ እንድትፈራ የሚያደርግ ምክንያት ነበራት። አባቷ አፍንጮ በር አካባቢ ለብዙ ዘመን ዘበኛ ነበሩ። እሷም ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ባለ ኮፒ ቤት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እየተየበችና እየጠረዘች የምትኖር ሴት ናት። ሚናስ ደግሞ ፒያሳ ከአያቱ ጀምሮ የሚታወቅ ወርቅ ቤት ልጅ ነው። የተዋወቁት መመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ የመጣ ጊዜ ነበር። ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አስጠረዘው። በሦስተኛው «አሁንስ ምኑ ተበላሸ?» ስትለው «ምንም» አለና ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሆነ። ወይዘሮ እንቁ ያኔ «የዘበኛ ልጅ» ብለው ለሠርጉ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ አላሉም ነበር። በኋላ እሺ አሉ። መንገድ ሲሰፋ ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስም አፍንጮ በር ወዳለው የልጃቸው ቤት መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። ሰርክአዲስ ግን ያን አንድ ዓመት ከልቧ አላወጣችውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ምስጢር ነበራት። ምስጢሩ ከቀኝ ትከሻዋ በታች፣ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ሳለች ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ድንገት ሆዷን እንደ ድንጋይ አጠነከራት፤ ቁልቁል ስታይ ጫማዋ ውስጥ ደም ገብቷል። አብራት የምትሠራው ረሂማ በራሷ ሻርፕ ጠቅልላ ሆስፒታል አደረሰቻት። እንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቅቆ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ማህፀኗ ተሰፋ፤ የብዙ ሰው ደም ተሰጣት። ሴት ልጅ ነበረች፤ አልተረፈችም። ሚናስ ያን ከሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰርክአዲስ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው የእሱን ፊት ነው። እንደዚያ ያረጀ የሠላሳ ዓመት ሰው አይታ አታውቅም።

ሐኪሟ ዶክተር ጽዮን በግልጽ ነበር የነገረቻቸው። «ጠባሳው እስኪጠነክር ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለባችሁ። ከዚያ በፊት ካረገዝሽ እኔ እፈራለሁ» አለች። ወይዘሮ እንቁ ግን ገና አርባው ሳይወጣ «ቶሎ ሌላ ያዢ፤ ሐዘኑ የሚወጣልሽ ያኔ ነው» ማለት ጀመሩ። በክፋት አልነበረም። እሳቸውም ያችን ሕፃን አልቅሰውላታል።

ሰርክአዲስ የወሊድ መከላከያ ክኒን ሞከረች፤ ሆዷ አልተቀበለውም፤ በየጠዋቱ ታስመልሰው ነበር። መርፌ ተወጋች፤ ደም ጠብ እያለ አላቆም አላት፤ ያን ደም ባየች ቁጥር ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የቆመች ይመስላታል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን እንኳ ለመስማት አልፈለገችም፤ ሰውነቷን ደግሞ ምላጭ እንዲነካው አትሻም ነበር። በመጨረሻ ዶክተር ጽዮን የደም ግፊቷን ለካች፣ ከቤተሰቧ ደም የረጋበት ሰው እንዳለ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ይነሳባት እንደሆነ፣ ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ ጠየቀቻትና «እንግዲያው የሚለጠፈውን እንሞክር» አለች።

በከተማው እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም፤ አንድ መድኃኒት ቤት አስመጣላቸው። የቆዳ ቀለም ያላት፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ቀጭን ልጥፍ ናት። መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። በየሳምንቱ አንዷ ተነሥታ ሌላዋ ትተካለች፤ ከሦስተኛዋ በኋላ ሳምንት ይታረፍና እንደገና ይጀመራል። ሰርክአዲስ ጀርባዋ ላይ ነበር የመረጠችው፤ እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሰበሰብ እንዳይታይባት። ጀርባዋ ላይ ደግሞ እጇ አይደርስም።

ስለዚህ እሑድ እሑድ የሚለጥፍላት ሚናስ ሆነ። ወይዘሮ እንቁ ጊዮርጊስ ሊያስቀድሱ ሲወጡ ቤቱ የእነሱ ብቻ ይሆናል። ሚናስ የወርቅ ቅንጣት በወረንጦ የሚያነሣ እጅ ነበረው። ቆዳዋን በንጹሕ ፎጣ ያደርቃል፣ ልጥፏን ያሳርፋታል፣ ከዚያ መዳፉን ከላይዋ ያኖራል።

«አሥር ሰከንድ ይበቃል ተብሏል» ትለዋለች።

«እኔ መቁጠር አልችልም» ይላታል፤ እጁንም አያነሣም።

እሷም ቶሎ እንዲያነሣ ፈልጋ አታውቅም።

ሚናስ ለእናቱ እንንገራቸው ብሎ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። «የልጅ ልጄን በጀርባዋ ለጥፋ ከለከለችኝ ነው የሚሉት። የዘበኛ ልጅ እንደሆንኩ ያኔ ነው ትዝ የሚላቸው። ማልልኝ» አለችው። ማለላት።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ እንቁ ፀጉሯን ቅቤ ሊቀቧት ተቀምጠው የልብሷ አንገት ወረደና ልጥፏን አዩዋት። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ሰርክአዲስ ሳትዞር መለሰች። «ጀርባዬን ሲያመኝ... የሕመም ፕላስተር ነው እማማ።» ወይዘሮ እንቁ ጠጋ ብለው አዩና «ታዲያ ለእኔ ለጉልበቴ ብታመጪልኝ ምናለ» አሉ። በማግስቱ እውነተኛውን የሕመም ፕላስተር ገዝታ አመጣችላቸው። በጣም ተስማማቸው። ማህበር ላይ ሳይቀር «ምራቴ ያመጣችልኝ» እያሉ አመሰገኗት። ሰርክአዲስ ሲያመሰግኗት በሰማች ቁጥር ከሐፍረት የተነሣ መሬት ብትውጣት ትወድ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ደግነቱ የመጣው። ደግነቱ ብቻ ቢሆን በቻለችው። ሚናስም ተለውጦ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ገና ሳይነጋ ከአልጋው ተነሥቶ ይወጣል። ሲመለስ ፀጉሩ እርጥብ ነው፤ እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ያስለዋል። «የት ነበርክ?» ስትለው «ዕቃ ልቀበል» ይላል። በዚያ ሰዓት ወርቅ ቤት ምን ዕቃ እንደሚገባ ሰርክአዲስ አታውቅም። ፀጉሩን ታጥቦ የሚመለስ ሰው የት እንዳደረ ግን ሴት ሁሉ ታስባለች።

ከዚያ ደግሞ ወይዘሮ እንቁ ከወንድማቸው ከአቶ እምሩ ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ገና ወጣት ናት» ይላሉ አማቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትሂድ፤ ሌላ ቤት ይወጣላታል። እኔ አልከለክልም። ሚናስን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሰርክአዲስ የያዘችውን የታጠበ ልብስ አልጋው ላይ አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አንድ በአንድ አጠፈችው፤ የሚናስን ሸሚዝ ስታጥፍ ብቻ እጇ ዘገየ።

እሑድ ደረሰ። ወይዘሮ እንቁ ወደ ጊዮርጊስ ወጡ። ሚናስ ፎጣውን ይዞ መጣ።

«ተወው» አለችው ሰርክአዲስ። «እኔው እለጥፈዋለሁ።»

«እጅሽ አይደርስም።»

«ይደርሳል።» ዓይኑን ሳታይ «ለእናትህ ነግረሃቸዋል?» አለች።

«ስለ ልጥፉ? አልነገርኳትም። ማልኩልሽ እኮ።»

«ታዲያ ምን ነግረሃቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?»

ሚናስ ፎጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ማለዳ ማለዳስ ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሰርኬ፣ ይኼን አንድ ነገር ብቻ ሳትጠይቂኝ እመኚኝ።»

«እሱን ካልጠየቅኩህ ምን ልጠይቅህ?» አለችና ገፍታው መታጠቢያ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። መስተዋቱ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ጠምዝዛ፣ በጣቷ ጫፍ ለጠፈቻት። አንዱ ማዕዘን ተጨማደደ። አጥብቃ ልትጫነው መዳፏን አዞረች፤ አልደረሰላትም። ከበሩ ወዲያ ሚናስ ቆሞ ይተነፍስ ነበር፤ ይሰማታል። ጥቂት ቆይቶ እርምጃው ራቀ። ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተደግፋ ልጥፏን በግድግዳው ስትጫን ነበር ያን ሳምንት ሙሉ የያዘችው እንባ የመጣው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ረሂማ ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ አንገቷን አውጥታ «ሰርኬ፣ አማትሽ» አለቻት። ሰርክአዲስ ቀልድ መሰላት። ወይዘሮ እንቁ ኮፒ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። ቀና ስትል ግን ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በተማሪ ግፊያ መሐል፣ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«ትንሽ ጊዜ ትሰጪኛለሽ?» አሉ። አማቷ ጊዜ ሲለምኑ ሰምታ አታውቅም።

ረሂማ «ሂጂ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ» አለች።

አጠገብ ካለው ካፌ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ወይዘሮ እንቁ ጾም ነውና ሻይ አዘዙ። ሰርክአዲስ ምንም አልፈለገችም፤ እሷም ሻይ አለች። ከዚህ በኋላ የምትሰማውን ቃል በልቧ ታውቀው ነበር። ልብሴን የት ላድርሰው ብላ ሳይቀር አስባለች።

«ሰርኬ» አሉ ወይዘሮ እንቁ፤ «ከዚያች ልጅ ወዲህ እኔ ያደረግኩብሽን ነገር ሌላ ሴት በምራቷ ላይ ስታደርግ ባይ እሰድባት ነበር።»

«ምን አደረጉኝ፣ እማማ።»

«ተዪ። ሆድሽን እያየሁ ስጠይቅሽ ኖርኩ። ጥፋተኛዋ አንቺ እንደሆንሽ አድርጌ።» ስኳሩን ጨምረው አማሰሉ፤ ከሚገባው በላይ አማሰሉ። «ሚናስ ሁሉን ነግሮኛል።»

ሰርክአዲስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ምን... ምን አለዎት?»

«ችግሩ የእሱ መሆኑን። ከእንግዲህ ከእሱ በኩል ልጅ እንደማይገኝ ሐኪም እንደነገረው።»

ሰርክአዲስ አልገባትም። ከንፈራቸውን አየች።

«ባለፈው ክረምት ጉንጩ ያበጠ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጆሮ ደግፍ ነበር አለኝ። ትልቅ ሰው ሲይዘው አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል አሉ። እኔማ ጥርሱን አሞት ነበር የመሰለኝ።»

ጥርሱ ነበር። ሰርክአዲስ ራሷ ናት ሐኪም ቤት ወስዳ ያስነቀለችው።

«አጎቱ እምሩ ጸበል ይጠመቅ ብሎ አዘዘው። እሱም ሳያንገራግር ረቡዕና ዓርብ እንጦጦ እየወጣ ይጠመቃል፣ በዚህ ብርድ። ይኸው ሳል ይዞታል።» ሻዩን ገፋ አደረጉት። «ለአንቺ እንዳትነግሪያት ብሎ ለምኖኛል። እኔ ግን ሕሊናዬ አልቻለም። ወጣት ነሽ። ልሂድ ብትይ አልይዝሽም፤ ለእምሩም ነግሬዋለሁ። 'እሷ ናት መካን' የሚል ሰው ቢኖር የምመልስለት እኔ ነኝ። ብትቀሪልን ግን፣ ሰርኬ...» አልጨረሱትም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

ሰርክአዲስ ካፌው የራቀ መሰላት። ሚናስ። አራዳ ውስጥ ያደገ ወንድ በራሱ ላይ ምን ዓይነት ወሬ እንደማያወራ ታውቃለች። በቀልድ እንኳ አያወራውም። እሱ ግን በእናቱ ፊት፣ በአጎቱ ፊት፣ ጤነኛ ገላውን ይዞ «መካኑ እኔ ነኝ» ብሏል። ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥቶ በበረዶ ውኃ ቆሟል። እሷ ደግሞ እርጥብ ፀጉሩን አይታ ሌላ ሴት ቤት ያደረ መስሏት ነበር።

ዝም ብትል ያልቃል። ይህን አወቀች። ጥያቄው ለዘላለም ቀርቷል፤ ማንም ሆዷን አያይም፤ አማቷ እድሜ ልካቸውን ይንከባከቧታል። ማድረግ የሚገባት ነገር ሻይዋን መጠጣት ብቻ ነው።

«እማማ» አለች። «ሚናስ ምንም የለበትም።»

ወይዘሮ እንቁ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«ሚናስ ጤነኛ ነው። ያበጠው ጥርሱ ነበር። እኔ ነኝ። መከላከያ እወስዳለሁ። ሐኪሜ ናት ቆዪ ያለችኝ፤ ማህፀኔ ተሰፍቷል፣ ቶሎ ካረገዝኩ ልሞት እችላለሁ ብላኛለች። ግን ሐኪሟ ብቻም አይደለችም። እፈራለሁ፣ እማማ። ኮፒ ማሽኑ ጋር በቆምኩ ቁጥር እፈራለሁ። ለእርስዎ እንንገራቸው ብሎ ነበር። እኔ ነኝ አስምዬ የከለከልኩት። ስለዚህ መሐላውን እንዳያፈርስ በራሱ ላይ ዋሸ።»

ወይዘሮ እንቁ ማንኪያውን ከሻዩ አውጥተው አስቀመጡ። ከጎናቸው ተማሪዎች ይስቃሉ።

«ያ ፕላስተር?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«የጉልበቴስ?»

«የእርስዎ ሌላ ነው። የእርስዎስ የጉልበት ነው።»

አማቷ ቦርሳቸውን አነሡ። ሻዩን አልቀመሱትም። «ወደ ቤት እሄዳለሁ» አሉ። «አሁን አትከተዪኝ።» ነጠላቸውን አስተካክለው በተማሪዎቹ መሐል ወጡ። ሰርክአዲስ ከኋላቸው ስታያቸው ትከሻቸው እንደዚህ ጠባብ መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ አላለችውም ነበር። ከቤት ብትባረርም ባትባረርም፣ እውነቱን በመናገሯ ደረቷ ቀለላት።

የሚናስ ወርቅ ቤት የድሮው ረድፍ ከፈረሰ ወዲህ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ተዛውሯል። ሰርክአዲስ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ሚናስ አጎንብሶ ቀለበት ይበይዳል። ሲያያት እሳቱን አጠፋው።

«ምን ሆንሽ?»

«ነገርኳቸው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ልጥፉንም፣ ሐኪሙንም። ጥርስህንም።»

መነጽሩን አወለቀ። ሊናገር ሲል ሳሉ መጣበት፤ እስኪያልፍለት ባንኮኒውን ይዞ ቆመ። ያ ሳል ሰርክአዲስን ከቃል ሁሉ በላይ ወጋት።

«ለምን?» አለችው። «ለምን እንደዚያ አልክ? ሰው ምን እንደሚልህ አታውቅም?»

«ሰው ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አልነበረም» አለ ሚናስ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል። «እናቴ 'ምንም የለም?' ስትልሽ ፊትሽን አየው ነበር። እንዳልናገር ምያለሁ። ዝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ሌላ የመጣልኝ መንገድ አልነበረም። በእኔ ላይ ሲሆን ምንም አላለኝም፤ ለእኔ ቀላል ነው።»

«በብርድ እየተጠመቅክ?»

«እሱን ተዪው።»

«አልተወውም። ታዲያ ምን ብለህ ነበር የምትጠመቀው? እየዋሸህ?»

ሚናስ ፈገግ አለ፤ ያፈረ ልጅ መሰለ። «እዚያስ አልዋሸሁም። ቄሱ ስም ሲጠይቁኝ የአንቺን የክርስትና ስም ነበር የምሰጣቸው። ለእሷ ጤና ነው አልኳቸው። ምን ቸገራቸው።»

ሰርክአዲስ ልትስቅ ጀመረች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተለወጠባት። ባንኮኒውን ዞራ ገባችና የብየዳ ጭስ የጠጣው ጋውኑ ላይ ፊቷን ደበቀች። በባልና በሚስት መካከል ብዙም የማይባል ቃል ነው፤ እሷም ለሚናስ ብላው አታውቅም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። ይሰማት የነበረው የልቡ ምት ብቻ ነበር።

ታክሲ ሳይዙ በእግራቸው ወደ አፍንጮ በር ወጡ። መንገዱን ሁሉ እጇን ያዘ። ቤት ሲደርሱ ግን ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ፤ ማን ቀድሞ ይግባ እንደሚባባሉ ልጆች።

ወይዘሮ እንቁ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አላወለቁም።

«አንተ ውጭ ቆይ» አሉት ልጃቸውን። «ከእሷ ጋር ነው የማወራው።»

ሚናስ ሰርክአዲስን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት። ወጣ፤ በሩን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም።

«አሳዪኝ» አሉ ወይዘሮ እንቁ።

ሰርክአዲስ ፈራ ተባ እያለች የልብሷን አንገት ፈታ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። የአማቷ ጣት መጣ፤ የልጥፏን ዳር ዳር ነካ።

«ያማል?»

«አያምም።»

«ተጨማድዳለች።»

«እኔ ነኝ የለጠፍኳት። ተጣልቼው ነበር።»

ወይዘሮ እንቁ ልብሷን መልሰው አለበሷት፤ ትከሻዋን ግን አልለቀቁትም። እንደዚያው ከኋላዋ ሆነው ነበር የተናገሩት። ምናልባት ፊቷን እያዩ ሊናገሩት አይችሉም ነበር።

«ሚናስ የመጨረሻዬ አልነበረም። ከእሱ በኋላ ሁለት አስወርዶኛል። ሁለተኛው ሊወስደኝ ነበር። ሐኪሙ 'ይብቃሽ' ብሎኛል። የሚናስ አባት ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፤ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እናቱ ግን በየምሳው 'አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት' ትለኝ ነበር። እሱ ጋዜጣ ያነብባል። እናቱ ተናግራ እስክትጨርስ ያነብባል፤ ሲያበቃ አጥፎ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን እንኳ 'እማዬ፣ ተዪያት' አላለልኝም። ያን ጋዜጣ ሳስበው እስከዛሬ ያንገበግበኛል።»

ሰርክአዲስ ልትዞር ሞከረች። «ቆይ» አሉ። «ልጨርስ። ያ ሁሉ ሳይረሳኝ፣ እኔም ያንኑ በአንቺ ላይ አደረግኩት። ልጄ ግን ጋዜጣ አላነበበም።»

ከበሩ ወዲያ ሳል ተሰማ፤ ታፍኖ ቀረ።

«እኔ አላስተማርኩትም» አሉ ወይዘሮ እንቁ። «ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ከካፌው እየነደደኝ ነበር የወጣሁት። መንገድ ላይ ግን 'እንዲህ ያለ ወንድ ከእኔ ሆድ ወጣ' እያልኩ ሳለቅስ መጣሁ። ተመስገን አልኩ። አንቺም ዝም ማለት ስትችዪ አላልሽም፤ ለእሱ ክብር ብለሽ ራስሽን ሰጠሽ። ስለ ሁለታችሁም ተመስገን ብያለሁ።» የልብሷን አንገት አስተካከሉላት። «የዋሻችሁኝ ነገር ግን ይከነክነኛል። ቶሎ የሚወጣልኝም አይመስለኝም።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«እላለሁ። ትንሽ ልኩረፍና እላለሁ።»

ሰርክአዲስ ዞረች። ያኔ ነው ፊታቸውን ያየችው። ያን አንድ ዓመት፣ «የዘበኛ ልጅ» የተባለችበትን ዓመት፣ በዚህ ባለቀሰ ፊት ላይ ፈለገችው፤ አላገኘችውም።

የወይዘሮ እንቁ ስልክ ጮኸ። አቶ እምሩ ነበሩ። ዓርብ ሚናስን ራሳቸው በመኪና እንጦጦ ሊያደርሱት ፈልገው ነው የደወሉት። አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተወው፣ እምሩ። ልጄ ጤነኛ ነው» አሉ። «አይ፣ ሐኪሙ አልተሳሳተም። ልጁ ነው ያን ያለው። እኔ አፌን ባበዛበት፣ እኔን ዝም ሊያሰኝ በራሱ ላይ ዋሸ።»

ከወዲያ ብዙ ድምፅ መጣ። ወይዘሮ እንቁ ታግሠው ሰሙ።

«እሷም ምንም የለባትም» አሉ። «ቆዩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ልጅቱ ከሞት ነው የተመለሰችው፤ ሰውነቷ ይረፍ ብዬ እኔ ወሰንኩ። ቅር ያለው ዘመድ ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር፤ እነሱን የሚጠይቃቸው እንዳይኖር።»

ስልኩን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። በሩ ተከፍቶ ሚናስ ደፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ሰርክአዲስ ሄዳ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ወይዘሮ እንቁ ሳያዩዋት፣ ገና እንደተኮሳተሩ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ሰርክአዲስ ከነጠላው ሥር ዓይኗን ጨፈነች። ያን ከሰዓት ጫማዋ ውስጥ ደም ካየች ወዲህ ከውስጧ ወጥቶ የማያውቀው ፍርሃት አልጠፋም ነበር፤ ዛሬ ግን ብቻዋን አልተሸከመችውም።